ማረሻው ሲቆም ኖራውን ማን ያወርደዋል?

የብራዚልን መካከለኛ ክፍል የሚሸፍነው ሴራዶ የተባለው ሜዳ ሁለት ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የኢትዮጵያን እጥፍ ሊሆን የሚቀረው ጥቂት ነው። ዝናብ አያጣም። መሬቱ ለጥ ያለ፣ አፈሩ ጥልቅና ቀይ፣ ውሃም የማይተኛበት ነው። ላዩን ብቻ ያየ ሰው ከዓለም ምርጥ የእርሻ መሬቶች አንዱ ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። ሆኖም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ እዚያ የነበረው ሀብት በየሜዳው የተበተነ ከብት ነበር ማለት ይቻላል። ዛፎቹ ድንክና ጠማማ፣ ሣሩ ሻካራ ነበር። እርሻ ካለም በየወንዙ ዳር በተገኘችው ቁራጭ ለም መሬት ላይ ነው።

ምክንያቱ የአፈሩ ዕድሜ ነው። ለሚሊዮኖች ዓመታት ሲወርድበት የኖረው ዝናብ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ፖታሲየሙን አጥቦ ወስዶ የማይሟሟውን የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ አስቀርቷል። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ ከ5.5 በታች ሲወርድ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ታስሮ ማንንም የማይጎዳው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል። የሟሟ አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ይመርዛል። ሥሩ ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ቅርንጫፍ ማውጣቱን ይተዋል። ከሥሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ውሃ እያለ ተክሉ በጥም ይጠወልጋል። ፎስፎረሱንም ብረቱና አሉሚኒየሙ ጨምድደው ስለሚይዙት ማዳበሪያ ብቻውን ብዙ አይፈይድም።

መድኃኒቱ የቆየ ነው። ተፈጭቶ የተበተነ የኖራ ድንጋይ አሲዱን ያረክሳል፣ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል፣ አሉሚኒየሙንም መልሶ ያስራል። ነገር ግን ኖራ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ ከወደቀበትም ብዙ አይንቀሳቀስም። እያንዳንዷ ቅንጣት የምታክመው በዙሪያዋ ያለውን ጥቂት ሚሊ ሜትር አፈር ነው። ስለዚህ በየአገሩ ያለ ገበሬ ኖራ በተነ ማለት ወዲያው አርሶ ከአፈሩ ጋር አዋሃደው ማለት ነበር። ሁለቱ ሥራዎች ሲለያዩ ምን እንደሆነ ነው ከዚህ በታች የምተርከው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘመናዊው ታሪክ በ1950ዎቹ ይጀምራል። የአሜሪካው ቱጃርና ፖለቲከኛ ኔልሰን ሮክፌለር ያቋቋመው የምርምር ተቋም ባለሙያዎቹን ብራዚል ላይ አሰማርቶ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ኮሊን ማክለንግ የተባለ የአፈር ተመራማሪ ነው። ማክለንግና ብራዚላዊ ባልደረቦቹ የሴራዶን አፈር ወስደው የጎደለውን አንድ በአንድ እየጨመሩ ሞከሩት። ኖራ ያስፈልገዋል፤ ፎስፎረስ ያስፈልገዋል፤ ድኝም ይጎድለዋል፤ እንደ ዚንክ ያሉት በግራም የሚለኩ ንጥረ ነገሮችም የሉትም። ይህ ሁሉ ሲሟላለት ግን አፈሩ ያበቅላል። በጊዜው ውጤቱን ከቁም ነገር የጣፈው ብዙ ሰው አልነበረም። ብራዚሊያ በ1960 በዚያው ሜዳ መሃል ዋና ከተማ ሆና ስትመረቅ እንኳ የከተማዋ ቀለብ የሚመጣው ከሩቅ ነበር።

በ1960ዎቹ አጋማሽ በደቡብ ጫፍ፣ በሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ግዛት፣ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ትልቅ የኖራ ዘመቻ ከፈተ። ባለሙያዎቹ የአፈር ናሙና ለመውሰድ በየማሳው ጉድጓድ ስለሚቆፍሩ ዘመቻው ጉድጓድ በመቆፈር በምትታወቀው አውሬ በአርማዲሎ ስም ተጠራ። ለገበሬው የተሰጠው ምክር ቀጥተኛ ነበር፤ ኖራውን በቶን በቶን በትን፣ በትራክተር ማረሻ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ገልብጠህ ቅበረው። ስንዴውና አኩሪ አተሩ ከፍ አሉ። አብሮም ሌላ ነገር መጣ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚገለበጥ፣ በዲስክ የሚደቅ፣ በኃይለኛው ዝናብ ፊት ራቁቱን የሚቆም አፈር።

ኖራው ምን ያህል ይሁን የሚለው ክርክርም በዚያው ሰሞን መልክ ያዘ። የቀዝቃዛው አገር ልማድ ፒኤቹን ወደ ገለልተኛው 7 ማስጠጋት ነበር። የሰሜን ካሮላይናው ዩጂን ካምፕራት በ1970 ባወጣው ጥናት በዝናብ ለታጠበ አፈር መለኪያው ፒኤች መሆን የለበትም፣ በአፈሩ ላይ ያለውን የአሉሚኒየም መጠን ለክቶ እሱን ለማርከስ የሚበቃውን ኖራ መስጠት ይበቃል አለ። በቆላማ አገሮች ይህ ልዩነት ቀላል አልነበረም። መጠኑን መቀነሱ ገንዘብ ያድናል፤ ከዚያም በላይ እንዲህ ባለ አፈር ላይ ኖራ ሲበዛ ዚንክና ማንጋኒዝ ከተክሉ ይርቃሉ፣ ገበሬውም አንዱን በሽታ አድኖ ሌላ ይሸምታል።

ከዚህ በኋላ ትረካው ወደ ፓራና ግዛት፣ ወደ ሮላንዲያ ይሄዳል። ኸርበርት ባርትስ በ1937 ብራዚል ውስጥ ተወልዶ ልጅነቱን በጀርመን በጦርነቱ መሃል ያሳለፈ፣ በ1960 ወደ ተወለደበት አገር የተመለሰ ገበሬ ነበር። በ1971 አንድ የዝናብ ማዕበል አርሶ ያዘጋጀውን መሬት ከነዘሩ ጠርጎ ሲወስድበት በዓይኑ አየ። በዚያው ዓመት ሎንድሪና ውስጥ ሮልፍ ዴርፕሽ የተባለ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ባለሙያ ሳያርሱ የመዝራት ሙከራ ጀምሮ ነበርና ባርትስ ከእሱ ጋር ተነጋገረ። በ1972 ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን፣ ከዚያም አሜሪካን ጎበኘ። ኬንተኪ ውስጥ ሃሪ ያንግን አገኘ። ያንግ በ1962 ከግማሽ ሄክታር ባነሰች ቁራጭ መሬት ላይ ሳያርስ በቆሎ ዘርቶ የተሳካለት፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ማረሻው ያልተመለሰ ገበሬ ነው። ባርትስ ገለባውን ሰንጥቆ ዘር የሚያስቀምጥ መሣሪያ እዚያው አዝዞ ተመለሰና በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አኩሪ አተር ዘራ። ጎረቤቶቹ “እብዱ ጀርመናዊ” አሉት።

አፈሩ መታጠቡን አቆመ። የኖራ ጥያቄ ግን እዚያ ጎልቶ አልተነሳም፤ ምክንያቱን ብዙ ጊዜ ተራኪዎች ይዘሉታል። የሰሜን ፓራና መሬት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ፣ በተፈጥሮው የተሻለ ለምነት ያለው ቀይ አፈር ነው። ቡና የተመረጠውም ለዚያ ነበር። በ1975 ሐምሌ የወረደው ውርጭ የፓራናን ቡና በአንድ ሌሊት አቃጠለው። ከእኛ ደቡብ ምዕራብ ደኖች የወጣው ተክል እዚያ ሰፊ አገር ይዞ ነበር፤ ከውርጩ በኋላ ብዙው መሬት ወደ አኩሪ አተርና ስንዴ ዞረ። ቡና የሸፈነው ማሳ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚታረስ ሜዳ ሲሆን የአፈሩ መታጠብ ባሰ፣ የባርትስም “እብደት” አድማጭ አገኘ።

በዚያው ዓመት በሴራዶ መንግሥት ሙሉ ኃይሉን አሰለፈ። የግብርና ሚኒስትሩ አሊሶን ፓኦሊኔሊ ነበር። በ1973 የተቋቋመው የብራዚል የግብርና ምርምር ድርጅት፣ ኤምብራፓ፣ በብራዚሊያ አቅራቢያ ፕላናልቲና ላይ የሴራዶ ማዕከሉን በ1975 ከፈተ። ፖሎሴንትሮ በተባለው ፕሮግራም ርካሽ ብድር ተለቀቀ፤ ኖራ መግዣም በብድሩ ይገባ ነበር። በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ዓመት የተኛ ድንጋይ እየተፈለጠና እየተፈጨ በጭነት መኪና ወደ ሜዳው ጎረፈ። በኋላ በ2006 ፓኦሊኔሊ፣ የኤምብራፓው ኤድሰን ሎባቶና ያ የ1950ዎቹ ተመራማሪ ማክለንግ የዓለም የምግብ ሽልማትን ተካፈሉ። ሽልማቱ ይገባቸዋል። ግን ታሪኩ “በረሃን ያለሙ” ተብሎ ሲነገር ቅር ይለኛል፤ ሴራዶ በረሃ ሆኖ አያውቅም። በሺዎች የሚቆጠሩ ሌላ ቦታ የሌሉ ዕፀዋት ይኖሩበት ነበር፤ ከተፈጥሮ ልብሱም ግማሽ ያህሉ ዛሬ የለም። ኖራው የከፈተው በር ይህንንም ያስገባ በር ነው።

ከፕላናልቲና ግኝቶች አንዱ በአጋጣሚ የተገኘ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ እሱ ነው። በሴራዶ በዝናቡ ወራት መሃል ዝናቡ ድንገት ለሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ታርሶ ከኖራ ጋር የተዋሃደው የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር በቶሎ ይደርቃል። ከዚያ በታች ውሃ ሞልቷል፤ ነገር ግን አሉሚኒየሙ እንዳለ ስለሆነ፣ ካልሲየምም ስለሌለ፣ ሥር አይወርድም። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ማረሻውን አጠለቁት። ካምፕራትና ባልደረቦቹ በ1979 ባወጡት ጥናት ኖራ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሲገባ የበቆሎ ሥር እንደሚጠልቅ አሳዩ። ይህን ግን በሰፊ ማሳ ላይ ማድረግ ትልቅ ትራክተርና ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል።

በዚያው ጊዜ በፎስፌት ማዳበሪያ ማወዳደሪያ ሙከራ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ታየ። ዝናቡ ሲቋረጥ አንዳንዶቹ መደቦች ጠወለጉ፣ አንዳንዶቹ አረንጓዴ ሆነው ቆዩ። አረንጓዴዎቹ ተራውን ሱፐርፎስፌት ያገኙት ነበሩ። ይህ ማዳበሪያ ሲመረት ግማሽ ያህሉ ጂፕሰም፣ ማለትም ካልሲየም ሰልፌት፣ ይሆናል፤ የተጣራው ትሪፕል ሱፐርፎስፌት ግን ያ የለውም። ዴል ሪቺና ባልደረቦቹ በ1980 ነገሩን ጻፉት። ካርቦኔት የማይንቀሳቀሰውን ያህል ሰልፌት ከውሃ ጋር ይወርዳል፤ ሲወርድም ካልሲየሙን ይዞ ይሄዳል፤ ታች ያለውን አሉሚኒየምም ተጣብቆ መርዙን ያበርደዋል። ፒኤቹን እምብዛም አይቀይርም። ስለዚህ የኖራ ምትክ አይደለም፤ ኖራው ያልደረሰበት ቦታ ይደርሳል እንጂ። የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ደግሞ ፎስፈሪክ አሲድ ሲያመርቱ የሚተርፋቸውን ጂፕሰም እንደ ተራራ ከምረውት ነበር። ጃልማ ዴ ሱዛና ሎባቶ ከዓመታት ሙከራ በኋላ ገበሬ በቃሉ የሚይዘው ቀመር አወጡ። የአፈሩን የሸክላ መቶኛ በ50 አባዛው፤ ለዓመታዊ ሰብል በሄክታር የሚበቃውን ኪሎ ትደርስበታለህ። 40 በመቶ ሸክላ ላለው አፈር 2,000 ኪሎ ግራም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሳያርሱ የሚዘሩት ገበሬዎች ወደ ደቡብ፣ ወደ ፖንታ ግሮሳ አካባቢ ወደሚገኘው ካምፖስ ጄራይስ ደርሰው ነበር። እዚህ አፈሩ የባርትስ ዓይነት አይደለም። ቀዝቀዝ ያለ ደጋ፣ ከላይ ብስባሽ የሞላበት፣ ግን ከሥሩ ጀምሮ አሲዳማና ደሃ መሬት ነው። ኖኖ ፔሬይራና ከሆላንድ ስደተኞች ወገን የሆነው ፍራንኬ ዳይክስትራ በ1976 ማረሻቸውን አቁመው ጀመሩ። በ1979 ገበሬዎቹ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱና “የትል ክበብ” ብለው ሰየሙት። ስሙን የሰጡት በቀልድም በቁም ነገርም ነው፤ ማረሻው ከቆመ በኋላ በገለባው ሥር የመሬት ትል በዝቶ ነበር።

የእነሱ ማሳ ላይ ነው ነገሩ የተጣመመው። ከአርማዲሎው ዘመቻ ጀምሮ የተጻፈው የኖራ መመሪያ ሁሉ “ገልብጠህ ቅበረው” ይላል። ባለሙያው የአፈር ምርመራውን አይቶ ኖራ ያስፈልግሃል ሲላቸው፣ አብሮ የሚያዝዛቸው ማረሻ አምስትና ስድስት ዓመት የገነቡትን የገለባ ልብስ፣ የትሉን መንገድና የአፈሩን አወቃቀር በአንድ ቀን የሚያፈርስ ነው። አንዳንዱ እየተናደደም ቢሆን አረሰ። አንዳንዱ እምቢ አለና ኖራውን በገለባው ላይ እንዳለ በተነው። የአፈር ኬሚስቶች ይህ ሳይማሰል ወጥ ላይ የተበተነ ጨው ነው ብለው ቢያስቡ አይገርምም፤ የያዙት ንድፈ ሐሳብ ከዚያ የተለየ አይልም።

ጉዳዩን ያካበደው ሌላም ነገር ነበር። ሮበርት ብሌቪንስና ባልደረቦቹ በ1977 ከኬንተኪ ያወጡት ውጤት እንዳሳየው፣ ለአምስት ዓመት ሳይታረስ በቆሎ የበቀለበት መሬት ላይ የናይትሮጅን ማዳበሪያው በሙሉ ከላይ ስለሚቀር አፈሩ መጀመሪያ የሚኮመጥጠው በላይኛዋ ስስ ንጣፍ ላይ ነው። አሞኒየም ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይለቅቃልና። እንደ ድሮው እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የተወሰደ የአፈር ናሙና ይህችን ንጣፍ ከታችኛው ጋር አደባልቆ ደህና ነው ይላል፣ ዘሩ ግን የሚበቅለው እዚያችው ላይ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ይህ ለኖራ መልካም ዜና ነበር። አሲዱ ከላይ የሚፈጠር ከሆነ፣ ከላይ የተበተነው ኖራ የሚያገኘው ገና ሳይወርድ ነው።

መልሱ ተጠንቶ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። የፓራና የግብርና ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ኤድሰን ዴ ኦሊቬይራና ማርኮስ ፓቫን በ1996 ባሳተሙት ሥራ፣ ባልታረሰ መሬት ላይ ከላይ የተበተነ ኖራ በዓመታት ውስጥ ወደ ታች እንደሚወርድ፣ የአኩሪ አተሩ ምርትም ኖራው በማረሻ ከተቀበረበት እንደማያንስ አሳዩ። በፖንታ ግሮሳ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርዶ ካይሬስ የጀመረው ሙከራ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በመዝለቁ የበለጠ ይታወቃል። በ1993 ሐምሌ ላይ ባልታረሰ ማሳ ላይ በሄክታር 0፣ 2፣ 4 እና 6 ቶን ኖራ ተበተነ፤ ከዚያ እየቆፈሩ መጠበቅ ሆነ። መጀመሪያ የተለወጠችው የላይኛዋ 5 ሴንቲ ሜትር ናት። ኖራው እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያለውን ሥራውን እስኪጨርስ ከሁለት ዓመት በላይ ወሰደ። ከዚያ በታች ለውጡ ቀስ እያለ፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት፣ ቀጠለ።

ሁለተኛው ውጤታቸው ግን ይበልጥ አነጋጋሪ ሆነ። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት አሉሚኒየሙ ሊገድለው የሚገባው አኩሪ አተር ኖራ ባልተሰጠው መደብ ላይም ደህና ያፈራ ነበር፤ በኖራ የተገኘው ጭማሪ ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነበር። ሳይታረስ የቆየ አፈር ከላይ የሚያከማቸው ብስባሽ አሉሚኒየሙን ይዞ መርዝነቱን ይቀንሰዋል። በተጨማሪም ገለባው የአፈሩን እርጥበት ስለሚጠብቅ ሥሩ ጥቂት ቢሆንም ውሃ አያጣም። ለታረሰ መሬት የተሠራው ቀመር ላልታረሰው ይበዛበታል ማለት ነው። በሪዮ ግራንዴ ዶ ሱልና በሳንታ ካታሪና መመሪያው ተቀየረ፤ ለቆየ ያልታረሰ መሬት የአፈር ናሙናው ከ20 ወደ 10 ሴንቲ ሜትር አጠረ፣ ኖራውም ቀድሞ ከሚታዘዘው ግማሽ ያህል ሆነ፣ የሚበተነውም ከላይ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ያዳነ ለውጥ የመጣው የናሙና መውሰጃውን ጥልቀት አጥብቀው ከጠየቁ ሰዎች መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲል እፈልጋለሁ፤ በሽልማት መድረክ ላይ ስማቸው አይነሳም።

ኖራው እንዴት ወረደ የሚለውን ማሪዮ ሚያዛዋና የፓራናው ቡድን በሌላ በኩል ሲፈትሹት ነበር። ጥቁር አጃ፣ ግብጦና የፎረጅ ራዲሽ ዓይነት በቀዝቃዛው ወቅት የሚዘሩ ሽፋን ሰብሎች ገና ለምለም እያሉ ሲጣሉ የሚለቅቁት የተፈጥሮ አሲድ ካልሲየሙን አቅፎ በውሃ ወደ ታች ይወስደዋል፤ ታች ሲደርስ ካልሲየሙን ለቅቆ አሉሚኒየሙን ይይዛል። የደረቀ የስንዴ ገለባ ይህን እምብዛም አያደርግም። ከዚህ ሌላ የሞቱ ሥሮች የሚተዉት ቀዳዳ አለ፤ ደቃቁ ኖራ ከዝናቡ ጋር በእሱ ይሰርጋል። ትሎቹም በየቀኑ አፈር እየዋጡ ይወጣሉ ይወርዳሉ። የትል ክበቡ ሰዎች ይህን ያወቁት ከላቦራቶሪው ቀድመው ነበር።

በሴራዶ ግን የገለባው ነገር ቀላል አልሆነም። በደጋማው ካምፖስ ጄራይስ ገለባ ቀስ ብሎ ይበሰብሳል፤ በሞቃቱ ሜዳ የአኩሪ አተር ተረፈ ምርት በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠፋል። ከመከር በኋላ ያለው ደረቅ ወቅትም ረጅም ስለሆነ ሽፋን ሰብል አይይዝም። መፍትሔው ከአፍሪካ በሄደ ሣር ተገኘ። ብራኪያሪያ የተባለው የግጦሽ ሣር አሲዳማ አፈርን ይችላል፣ ሥሩም ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ኤምብራፓ በ1984 ያሠራጨው ማራንዱ የተባለው ዝርያ ከዚምባብዌ የሄደ ነው። በ2000 ገደማ ደግሞ የኤምብራፓ ሰዎች በጎያስ ግዛት ሳንታ ፌ በተባለ እርሻ ላይ ሣሩን ከበቆሎ ጋር አብሮ መዝራት ጀመሩ፤ በቆሎው ሲሰበሰብ ሣሩ ሜዳውን ይይዛል፣ በደረቁ ወራት ከብት ይግጠዋል፣ ዝናብ ሲመጣ በፀረ አረም ይደርቅና አኩሪ አተር በላዩ ይዘራል።

በ2007 ኤምብራፓ ለገበሬ ያቀረበው ፒያታ የተባለው የብራኪያሪያ ዝርያ ደግሞ የሄደው ከወለጋ ነው። ዘሩን በ1980ዎቹ አጋማሽ የሰበሰበው ኮሎምቢያ ውስጥ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቆላ ግብርና ማዕከል ነበር። በዝናቡ ብዛት አፈሩ ከሚኮመጥጥባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ወለጋ ነውና፣ ሣሩ የብራዚልን አፈር መቻሉ አያስደንቅም።

እኛ ዘንድ በተደረገው የአፈር ቅየሳ መሠረት ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው። ከምዕራብ ጎጃም እስከ ወለጋ፣ ከአዊ እስከ ጉራጌ ገበሬው ያውቀዋል፤ ገብሱ እምቢ ሲል እንግዶ ይዘራል፣ ወይ መሬቱን ለባሕር ዛፍ ይሰጣል። በአዊ ፋግታ ለኮማ ደግሞ ለከሰል የሚሆን ግራር ተክሎ ገቢውን ያገኘ ብዙ ነው። ኖራው አለ፤ ጉደርና ደጀን ላይ ይፈጫል። ችግሩ በሄክታር 20 እና 30 ኩንታል የሚለው ምክር መንገድ ለማይገባበት ቀበሌ ስንት የአህያ ጭነት እንደሚሆን ነው። ሳይታረስ መዝራቱም ቢሆን የብራዚሉን መንገድ ይዞ አይመጣም። ጤፍ ተደጋግሞ የታረሰና የለሰለሰ መሬት ይወዳል፤ ከሁሉ በላይ ገለባው የከብቱ ቀለብ፣ ጭቃ ማቡኪያና የገበያ ሸቀጥ ነው፣ ማሳው ላይ የሚቀር የለም። ስለዚህ የካይሬስን ሙከራ ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ለእኛ ገበሬ ማዘዝ፣ የአርማዲሎውን ዘመቻ ቁጥር ለትል ክበቡ ከማዘዝ አይለይም። በማሳው ሁሉ ከመበተን ይልቅ ጥቂት ኖራ በዘሩ መስመር ላይ የማድረጉ ሙከራ ለእኛ ሁኔታ ይቀርባል ባይ ነኝ።

በብራዚል በ2017 የተደረገው የግብርና ቆጠራ ሳይታረስ የሚዘራውን መሬት 33 ሚሊዮን ሄክታር ያህል አደረሰው። ቁጥሩ ግን ብዙ ይሸፍናል። ከዚህ ውስጥ ሽፋን ሰብል ሳይኖር አኩሪ አተርና በቆሎ ብቻ የሚፈራረቅበት፣ ሁሉም ነገር በፀረ አረም ላይ የተንጠለጠለበት ብዙ ነው። እንዲህ ባለው ማሳ ላይ ኖራው ከላይ ተከማችቶ የላይኛዋን 5 ሴንቲ ሜትር ከመጠን በላይ ያጣፍጣታል፣ ማንጋኒዝ ይጠፋል፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ደግሞ አሉሚኒየሙ እንደነበረ ነው። ከባዱ ማሽን የጠቀጠቀውን አፈር ሥር አይሰብረውም። ክርክሩም ተመልሶ መጣ። ከ20 ዓመት በኋላ መሬቱን አንዴ ገልብጦ ኖራ መቅበር ይገባል የሚሉ አማካሪዎች አሉ፤ ለዚያ የተሠሩ ኖራውን በጥልቀት የሚያስገቡ መሣሪያዎችም ይሸጣሉ። የካምፖስ ጄራይስ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ጂፕሰሙና የሣሩ ሥር ያንን ይሠሩታል፣ የጠፋው ትዕግሥትና ሰብል ማፈራረቅ ነው ይላሉ። ባርትስ በ2021 እስኪሞት ድረስ ከሁለተኛው ወገን ነበር።

አዲሱ የእርሻ ድንበር ወዳለበት ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ባይያ ምዕራብና ወደ ማራኛው አሸዋማ መሬት የሚሄዱት ገበሬዎች ጭቅጭቁን ከመነሻው ሊያመልጡት ይሞክራሉ። ሳያርሱ መዝራት ከመጀመራቸው በፊት በአንድ ጊዜ ብዙ ቶን ኖራ አውርደው እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ድረስ በጥልቅ ማረሻ ያዋህዱታል፣ ጂፕሰም ይጨምሩበታል፣ ሣር ይዘሩበታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ማረሻውን ለጎረቤት ያከራያሉ።